ለእናኑ ያልሰጠኋት ወረቀት

ከጎጃም ከተመለስኩ ወር ሊሆነኝ ነው። የግቢያችን ሰዎች ሲያገኙኝ "እንዴት ነበር አገሩ?" ይሉኛል፤ "ደህና ነው፣ ብርዱ ትንሽ ይበረታል" ብዬ አልፋለሁ። አገሩማ ደህና ነው። ደህና ያልነበርኩት እኔ ነኝ። ብዙዎቹ ወደዚያ የሚሄዱበት ምክንያት ስለሌላቸው፣ ያየሁትንና የሆነውን ቀን በቀን ልጽፍላቸው ተቀመጥኩ። ፊት ለፊት ለመናገር ድፍረቱ የለኝም።

ሮማን እባላለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ነበርኩ። የዩኒቨርሲቲውን ስም መጥራት አልፈልግም። ስሜ አሰልጣኝ ይሁን እንጂ ማሊያ አጣቢም፣ ሜዳ ላይ የተኛ ውሃ ጠራጊም፣ ለተጫዋቾቹ ወላጆች ደብዳቤ ጻፊም እኔው ነበርኩ። አዳራሹ ሁልጊዜ የወንዶቹ ነው። ለእኛ የደረሰን ውጭ ያለው፣ ሲሚንቶው የተሰነጣጠቀው ሜዳ ነው። ዝናብ ሲጥል ልምምድ ይቀራል፤ ልምምድ ሲቀር ደግሞ ሪፖርቱ ላይ "የሴቶቹ ቡድን ትጋት ይጎድለዋል" ተብሎ ይጻፋል። ፊሽካ መንፋት ያስተማርኩት ረዳቴ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ሆነ። ዓመት ሳይሞላ ቡድኑ "ለጊዜው" ታጠፈ፤ እኔም ጡረታዬን ቀደም ብዬ እንድወስድ ተነገረኝ።

በሽኝቱ ቀን ጋቢ አለበሱኝ፤ የግድግዳ ሰዓትም ሰጡኝ። ኃላፊው ንግግር አደረገ። "ኮች ሮማን በአገልግሎት ዘመኗ አንድ ዋንጫ አስገኝታልናለች" አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ግን ያንን አንድ ዋንጫ እንዴት እንዳገኘሁት ስለማውቅ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

በሳምንቱ የእናኑን ስልክ አፈላልጌ ደወልኩ። እናኑ ከደምበጫ ገጠር የመጣች ተጫዋቼ ነበረች። ከተለያየን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖናል።

"ኮች? እርስዎ ነዎት?" አለችኝ።

ሌሎቹ ልጆች "አንቺ" ነበር የሚሉኝ። እናኑ ብቻ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ "እርስዎ" እንዳለችኝ ቀረች። ልመጣ ነው አልኳት። "ይምጡ፤ አባቴ ደምበጫ ወጥቶ ይቀበልዎታል" አለች። ለምን እንደምመጣ አልጠየቀችኝም።

ሐሙስ

መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ ሲባል ሁለት ጊዜ ጓዜን ጠቅልዬ ፈትቻለሁ። በሦስተኛው ተሳፈርኩ። ረጅም ሰው ሚኒባስ ውስጥ እንዴት እንደሚሰቃይ የሚያውቅ ረጅም ሰው ብቻ ነው። እስከ ፍቼ ድረስ ሁለቱም ጉልበቶቼ ከፊት ለፊት ወንበር ጋር ሲጋጩ ሄዱ። ጎሐ ጽዮንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ በጠዋቱ ብርድ ሹራብና ጋቢ የደራረበው ሁሉ ማውለቅ ጀመረ። ቁልቁለቱ መሐል ላይ የፍሬን ሽታ መጣ። ሾፌሩ ዳር ይዞ አቆመ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገና "እስኪበርድ ውረዱ" አለን።

ሁለት ሰዓት ያህል አንድ ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጥን። አጠገቤ ተሳፍራ የነበረችው የሉማሜ ሴት ከፌስታሏ ዳቦ ቆሎ አውጥታ፣ ሳትጠይቀኝ፣ እፍኝ ሙሉ መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝ። አዲስ አበባ ቢሆን ከማያውቁት ሰው ተቀብሎ የሚበላም የለም፤ የሚሰጥም የለም።

"ማንን ሊጠይቁ ነው?" አለችኝ።

"ተማሪዬን።"

"ታድላለች። እስከዚህ ድረስ መጥቶ የሚጠይቅ አስተማሪ ማን አለው?"

ቆሎውን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። እውነቱ ይህ ነው። እናኑ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ቅርጫት ኳስ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ከተራራ ላይ ውሃ ስትቀዳ ያደገች፣ ትንፋሿ የማያልቅ ልጅ ነበረች። በሁለት ዓመት ውስጥ ከቡድኑ አንደኛ አደረግኳት። ሦስተኛ ዓመት ላይ ለፍጻሜ ደረስን። ፍጻሜው አራት ቀን ሲቀረው ጉልበቷን አመማትና ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ጅማቷ መጎዳቱን፣ ስድስት ሳምንት ማረፍ እንዳለባት ጻፈ። ወረቀቱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። አጥፌ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና ኮሪደር ላይ ቆማ ለምትጠብቀኝ ልጅ "ትንሽ እብጠት ነው፣ በፋሻ ይያዛል" አልኳት።

አመነችኝ። በሦስተኛው ሩብ ኳስ ከአየር ላይ ይዛ ስትወርድ እግሯ ከሥሯ ታጠፈ። በአንድ ቅርጫት አሸነፍን። ሌሎቹ ዋንጫውን ይዘው ሲዘፍኑ እሷ ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ ታጨበጭብ ነበር። ከዚያ በኋላ መሄድ አቃታት፤ ትምህርቱንም ማቋረጥ ግድ ሆነባት። የማቋረጫውን ቅጽ ስትሞላ አጠገቧ ነበርኩ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ "የቤተሰብ ጉዳይ ብለሽ ጻፊው፤ ይቀልሻል" አልኳት። የቀለለው ለእኔ ነበር። ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

ያ ወረቀት ዓባይ በረሃ ላይ ስቀመጥም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ለምን እንዳልቀደድኩት አላውቅም።

ደጀን ዘግይተን ምሳ በላን። ማርቆስ የደረስነው አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነው። ንፋሱ ከእኛው ብርድ ይለያል፤ ሜዳውን አቋርጦ ስለሚመጣ መሰለኝ ቀጥ ብሎ አጥንት ውስጥ ይገባል። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት ወይዘሮ ባንቻምላክ ክፍሉን ሊያሳዩኝ ገቡና አንዴ እኔን፣ አንዴ አልጋውን አዩ። ወጥተው አንድ አግዳሚ ወንበር ጎትተው አመጡ፤ አልጋው ግርጌ አስጠጉና ብርድ ልብስ አጣጥፈው ደለደሉበት። "እግርዎን እዚህ ላይ ያድርጉ" አሉኝ። ለሃያ ዓመት ያህል ከቡድን ጋር ስዞር ስንት ሆቴል አድሬያለሁ፤ እግሬን ያሰበልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ዓርብ

ከማርቆስ ደምበጫ ሩቅ አይደለም። ማሳው ግራና ቀኝ ተዘርግቶ፣ ጤፉ ገና ለጋ ነው። ደምበጫ ስወርድ የቀኝ እግሬ ጫማ ሶሉ ተገንጥሎ ምላስ ሆነ። አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሜ ሳየው ባለሱቁ፣ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ፣ "ይግቡ፣ ይቀመጡ" ብለው ጫማውን ከእጄ ወሰዱ። ማስቲሽ ቀቡት፤ ላዩ ላይ የጨርቅ ጥቅል ጫኑበት። "እንግዳ ነዎት፣ የማን ነዎት?" አሉኝ። የእናኑን አባት ስም ስጠራ ፊታቸው በራ። "የአላምረው እንግዳ ነዎት? እርስዎ ነዎታ ወይዘሮ ኮች?"

ስሜ በዚያ አገር ይህ ነበር። "ኮች" የሥራ ስም መሆኑን የነገራቸው የለም።

አቶ አላምረው በቅሎ ስበው መጡ። ቀጭን፣ ቀልጣፋ ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሁለት እጄን ይዘው ሳሙኝ። መጀመሪያ በባጃጅ ሄድን፤ በቅሎዋን አንድ ዘመዳቸው ከኋላ አስከተለልን። ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ወርደን ገፋን፤ ሾፌሩም ከዚህ ወዲያ አልሄድም አለ። ከዚያ በቅሎዋ ላይ አወጡኝ። እግሬ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው ነበር። አቶ አላምረው ልጓሙን ይዘው ፊት ፊት እየሄዱ መንገዱን ሙሉ አመሰገኑኝ።

"ያን ጊዜ ልጄ ስትታመም ሐኪም ቤት ወስደዋት ነበር። ነግራናለች። እናት እንኳ እንዲህ አታደርግም።"

"አይበሉ" አልኳቸው።

"እውነቴን ነው። ትሕትናዎንም ነግራናለች።"

በቅሎ ላይ ሆኖ ፊት መሸሸግ ይከብዳል። እያንዳንዱ የሚያልፍ ሰው ቆሞ ባርኔጣውን ያነሳል፤ ማን እንደሆንኩ ይጠይቃል፤ እሳቸውም ይነግሩታል።

ቤታቸው ከመንገዱ ዳር፣ ከወፍጮ ቤት ጋር በአንድ ግቢ ነው። እናኑ ከወፍጮው በር ላይ ተነሣች። ፀጉሯም ቅንድቧም ዱቄት ለብሷል። ስትራመድ ቀኝ እግሯን ከወገቧ ጀምራ ወደ ጎን ወርወር ታደርገዋለች። እግሯን እያየሁ መሆኔን አየችና ፈገግ አለች። "ለምጄዋለሁ ኮች። እንኳን ደህና መጡ።" ከኋላዋ ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ቀሚሷን ይዛ ቆማለች።

"ስሟ ማን ነው?" አልኩ።

"ሮማን" አለች እናኑ። "በእርስዎ ነው ያወጣንላት።"

ልጅቷን አንሥቼ ሳምኳት። ሌላ የማደርገው አልነበረም።

ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ መንገድ ላይ ነበር። ቀኑ ዓርብ ስለሆነ የተገዛው በግ እስከ ቅዳሜ ዕድሜ አገኘ። ተልባ ፍትፍትና ጎመን ቀረበ። እናትየዋ ወይዘሮ ጥሩአየሁ እያጎረሱኝ የልጃቸውን ነገር አወሩልኝ። አዲስ አበባ ላይ ጉልበት የታመመ ሰው ደረጃ ይከብደዋል፤ ቢበዛ ታክሲ ውስጥ መግባት ይቸገራል። እዚያ ሌላ ነው። ማጨድ በርከክ ብሎ ነው፤ መጸዳዳት ቁጢጥ ብሎ ነው።

"ከሁሉ የሚብሰኝ ስቅለት ነው" አሉኝ ወይዘሮ ጥሩአየሁ። "ሰው ሁሉ ሲሰግድ ይውላል። እሷ መቋሚያ ተደግፋ መሐል ላይ ብቻዋን ቆማ ትቀራለች። 'ቤት ዋይ' ብላት እንቢ ትለኛለች። ቆማ ታለቅሳለች።"

እናኑ "ተዪ እማዬ፣ እንግዳ ፊት" አለች። ያን ቀን ልነግራት አልቻልኩም።

ቅዳሜ

ወፍጮው ሳይነሣ ወደ እሷ ገባሁ። ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሚዛኑን በጨርቅ ትወለውላለች።

"እናኑ፣ የመጣሁበትን ልንገርሽ" አልኳት።

"ይንገሩኝ።"

ወረቀቱን ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጣቷን ቀኑ ላይ አሳረፈች።

"ይሄ ከፍጻሜው በፊት ነው።"

"አዎ። በአራት ቀን።"

"የት ነበር?"

"ኪሴ ውስጥ።"

ያን ጊዜ አንዲት ሴት ገብስ ተሸክማ ገባች። እናኑ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፤ ተነሣች፤ መዘነች፤ ሞተሩን ቀሰቀሰች። ገብሱ እስኪያልቅ በዚያ ጩኸት ውስጥ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አንድ ጊዜም ወደ እኔ አላየችም። ሴትየዋ ዱቄቷን ተሸክማ ስትወጣ ሞተሩን አጠፋችው።

"ታውቂ ነበር" አለችኝ። "አንቺ ታውቂ ነበር።"

በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ "አንቺ" ስትለኝ ሰማኋት። ሌላ ሰው ቢለኝ ምንም አይደለም። ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን የሆነ ነገር ከላዬ ላይ እንደተገፈፈ ያህል ተሰማኝ።

"ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት" አልኳት።

"ለአንቺ እንዲቀልልሽ ነው?"

ከልብሴ ላይ ዱቄቱን አራገፍኩ።

"ቅጹንም 'የቤተሰብ ጉዳይ' ያስባልሽኝ ለዚህ ነው?"

"አዎ።"

"ልመለስ ብዬ ሁለት ጊዜ አመልክቻለሁ" አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "በራስሽ ፈቃድ ነው ያቋረጥሽው፣ ጊዜውም አልፏል አሉኝ። ተጎድቼ ነው ስላቸው፣ ማስረጃ አምጪ አሉኝ። ደብተሬን ሁሉ፣ ሻንጣዬን ሁሉ በርብሬ ፈለግኩ። ሐኪም ቤቱ ድረስ ሰው ላክሁ። አንቺ ዘንድ ነበር።"

ከተራ መመዝገቢያው ደብተር አንድ ሉክ ቀደደች። እስክሪብቶውን ከጆሮዋ ላይ አውጥታ ሰጠችኝ።

"ጻፊ።"

ጆንያ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሩጪ፣ ዝለዪ፣ ተመለሺ ስላት የኖርኩ ሰው፣ እሷ የምትለኝን ጻፍኩ። "ሐኪሙ የሰጠኝን ወረቀት ለተጫዋቼ ሳላስተውል ሳልሰጣት ቀርቼ" ብዬ ስጀምር አየችው።

"ሳላስተውል አይደለም። እያወቅሁ በዪ።"

ሰረዝኩት። እያወቅሁ ብዬ ጻፍኩ።

"ዋንጫውንም ጻፊ። በዚያ ጨዋታ እንደተገኘ።"

ጻፍኩ። ቅጹንም ጻፍኩ። ስሜን፣ የሥራ ዘመኔን ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። በዚህ መሐል አቶ አላምረው እጃቸውን እያደራረቁ ገቡ፤ በጉን አርደው መምጣታቸው ነው።

"ምን እየጻፉ ነው?" አሉ።

"ምስክርነት ነው አባዬ" አለች እናኑ። "ትምህርቴን እንድቀጥል።"

እኚያ ሰው ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሳሙ። እናኑ ፊቷን ወደ ሚዛኑ አዞረች። አባቷ ሲወጡ የሐኪሙን ወረቀት ከደረቷ አውጥታ ከደብዳቤው ጋር አጠፈችና "ሁለቱንም ወስደሽ አስገቢልኝ" ብላ ሰጠችኝ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ጠላው ተቀዳ። አቶ አላምረው ቆመው ስለ እኔ ተናገሩ። ልጃቸውን በማታውቀው ከተማ እንደ ልጄ እንደያዝኳት፣ ስትወድቅ እንዳነሣኋት፣ አሁንም ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ እንደጠየቅኋት ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። እናኑ ራሷ ወጡን ይዛ መጥታ ከመሶቡ ዳር ለእኔ የሚሻለውን ሥጋ አወጣችልኝ። እንግዳ ነኝና ደንቡን አላጓደለችም። በላሁ። "አልበሉም" እየተባልኩ ደግሜ በላሁ።

እሑድ

ወይዘሮ ጥሩአየሁ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ "በጸሎት አሰብኩዎት" አሉኝ። በቅሎዋ ተጭና ቀረበች። ትንሿ ልጅ ከእኔ ጋር በቅሎዋ ላይ ልውጣ ብላ እጇን ዘረጋች። እናኑ ከወፍጮው በር ላይ ሆና "ወለተ ማርያም፣ ነዪ ግቢ" አለች። ልጅቷ በክርስትና ስሟ መጠራት አልለመደችም መሰለኝ፤ ማን እንደተጠራ ለማየት ዞር ዞር አለች።

ልሰናበታት ወደ እናኑ ሄድኩ። እናትና አባቷ ከሩቅ እያዩን ስለነበር ሦስት ጊዜ ሳመችኝ።

"እነሱ እንዳያውቁ" አለችኝ በጆሮዬ። "ለአንቺ ብዬ አይደለም። አባቴ አገሩን ሁሉ ዞሮ አመስግኖሻል።"

አቶ አላምረው እስከ ደምበጫ ሸኙኝ። ማርቆስ ላይ ወይዘሮ ባንቻምላክ ያንኑ ክፍል ሰጡኝ፤ አግዳሚው ከአልጋው ግርጌ ሳይነሣ ቆይቶኝ ነበር።

ሰኞና ከዚያ በኋላ

ሰኞ ያለ ምንም ችግር አዲስ አበባ ገባሁ። ማክሰኞ ደብዳቤውንና የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ዩኒቨርሲቲው ሄድኩ። ረዳቴ የነበረው ኃላፊ ቆሞ አነበበው። የእኔ ዋንጫ ከጀርባው መደርደሪያው ላይ ነው።

"ኮች፣ ይሄ እኮ ራስሽን መክሰስ ነው" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"አንቺን ብቻ አይደለም የሚነካው። ዋንጫውን ቢወስዱብንስ?"

ስለ ልጅቷ ጉልበት አልጠየቀኝም። እኔም ልፈርድበት አልችልም፤ አሠራሩን የተማረው ከእኔ ነው። "እስቲ ይታያል" አለ። እኔ ግን ከመዝገብ ቤት ማኅተምና ቁጥር ሳልቀበል አልወጣም ብዬ ተቀመጥኩ። በስተመጨረሻ ሰጡኝ።

ማታውኑ ለእናኑ ደወልኩላት። ቁጥሩን አነበብኩላት፤ እየደገመች ጻፈችው። "ዋናው ወረቀት እዚያ ቀረ?" አለች። ዋናው እኔ ዘንድ እንዳለ፣ ኮፒውን እንዳስገባሁ ነገርኳት። "ዋናውን በታመነ ሰው ላኪልኝ" አለች። በማግስቱ ላክሁላት። እስከዛሬ ከዩኒቨርሲቲው የመጣ መልስ የለም፤ በየሳምንቱ ሰኞ እየሄድኩ እጠይቃለሁ፤ ይታያል ይሉኛል።

ያን ማታ ስልኩን ልትዘጋ ስትል "ቆዪ" አለችኝ።

"እናቴ ቅቤ እያነጠረችልሽ ነው። በሰው ልትልክልሽ ነው። አይሆንም ብላት አልሰማ አለችኝ።"

"ምን ልበላት?" አልኳት።

"እሱን አንቺ እወቂበት" አለችና ዘጋችው።

ቅቤው ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ።